አንድ ጥርስ የጎደለው ብየዳ

ሸረፈዲን ሞቶ የተገኘው እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ በባዶ እግሩ ነበር። የውዱእ ማንቆርቆሪያው አጠገቡ ተጋድሟል፤ የሲሚንቶው ወለል ርሷል። ሱብሒ ከመስገዱ በፊት መብራት ሊያበራ የኢንቨርተሩን የብረት ሳጥን ሲነካ፣ ኤሌክትሪኩ በእርጥብ እጁ ገብቶ ገደለው። ይህን ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም ነበር። መዳፉ ላይ ያለውን ቃጠሎ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ኢንስፔክተር ዘይና ግን ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማመን አይሆንላትም። በዚህ አመሏ አለቆቿ አይወዷትም፤ እሷም ስለዚህ ስትጨነቅ ታይታ አታውቅም።

ወርክሾፑ ከከሚሴ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባጃጆች ከሚቆሙበት አለፍ ብሎ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ሸረፈዲንና ሙሀዲን በሽርክና አቋቁመውት ለቆላ ከብት አርቢዎች የፀሐይ መብራት ይገጣጥሙበታል። የቤቱ ኩራት ከአዲስ አበባ የመጣች አሮጌ ማሽን ናት። እሳት የላት፣ ጭስ የላት። ሁለት ብረቶችን ደራርበው ሲያስገቡላት በጥርሷ ነክሳ፣ ዓይን በማያየው ፍጥነት ታንቀጠቅጣቸዋለች፤ ሳይቀልጡ አንድ ይሆናሉ። መዳብን ከመዳብ ብቻ ሳይሆን፣ በእሳት የማይስማሙትን መዳብና አሉሚኒየም እንኳ ታስማማለች። ሠራተኞቹ «ንቢቱ» ይሏታል።

«አደጋ ነው፤» አላት ሳጥኑ ሥር የተንበረከከው የመብራት ባለሙያ። «ውስጥ ያለው ሽቦ ልባሱ ተፍቆ ሳጥኑን ነክቷል። እንዲህ ሲሆን ይህ የመሬት ሽቦ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት ማውረድ ነበረበት። ይኸው ይዩት፣ መጋጠሚያው ተላቅቋል። ብየዳው አልያዘም።»

ዘይና ሁለቱን ጫፎች በአጉሊ መነጽር አየቻቸው። አንዱ ከሳጥኑ የሚመጣ ዝርግ መዳብ፣ ሌላው ከመሬት የሚወጣ ዝርግ አሉሚኒየም ነው። የንቢቱ ጥርሶች መዳቡ ጀርባ ላይ በትንንሽ ነጥብ ተራ በተራ ታትመዋል፤ ረድፉ ሙሉ ነው። የተላቀቁት ፊቶች ግን ንጹሕ ናቸው። አንዱ ከሌላው ላይ ቅንጣት አልወሰደም።

«ማን ነው የበየደው?»

«ዑሙልኸይር ናት፤» አለ ሙሀዲን ከበሩ። የሟች ሸሪክ ነው፤ ረጅም፣ ሽቶ የሚወድ ሰው። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። «ሸረፈዲን፣ አላህ ይዘንለት፣ ማሽኑን ለሴት አትስጥ ብዬው እንቢ አለኝ።»

«ሥራው ያን ያህል ከባድ ነው?»

«ኧረ የጅል ሥራ ናት። ፔዳሉን ረግጦ መጠበቅ ነው። በምርቃቱ ቀን በእንግዶቹ ፊት መዳብን ከመዳብ የበየድኩት እኔ አይደለሁ?»

«የጅል ሥራ ከሆነ ሴትዮዋ እንዴት አቃታት?»

ሙሀዲን መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ።

ከሳምንት በኋላ አዛዡ ዘይናን አስጠራት። «መዝገቡን ዝጊው። ሁለቱ ቤተሰብ በአበጋር ሊታረቅ ነው። የሴትዮዋ ወገን በስህተት ገደልን ብሎ ጉማ ይከፍላል፤ ደሙ ይደርቃል።»

አበጋር የተጣላን ሁሉ የሚያስታርቅ የአገር ሽማግሌ ነው፤ ቃሉ በወሎ ከፖሊስ ወረቀት ይልቅ ይከበራል። ጉማ፣ የደም ካሳውን፣ የተቀበለ ወገን ደም አይመልስም። የከፈለ ደግሞ ገዳይነቱን አምኗል ማለት ነው።

«ሴትዮዋ አምናለች?»

«እንቢ ብላለች እንጂ። እሷ እኮ ናት ችግሩ። የሟች ወንድም ሙሐመድ ቁጡ ነው፤ እሷም ወንድሞች አሏት። ጉማው ካልተከፈለ ሌላ ሬሳ እናነሣለን።»

ዘይና ስለዚያች ሴት ጥሩ ነገር የሰማችው ያኔ ነው። «እስከ እርቁ ቀን ይታገሡኝ፤» አለች።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።»

«ወረቀቱ እርስዎ ዘንድ ይቆይ፤ ሞኝነቱን እኔ ልውሰድ፤» ብላ ወጣች።

ዑሙልኸይርን ፍለጋ መንከራተት አላስፈለጋትም። ባሏ በሕመም ከሞተ ወዲህ ዒዳ ላይ ናት፤ ወራቷ እስኪሞላ ከግቢዋ አትወጣም። ሸረፈዲን የሞተው እሷ ቤቷ ከተቀመጠች ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። ጥፋተኛ ያሏት ከዚያ በፊት በበየደችው ብየዳ ነበር።

«አካም ጂርታ፣ ዑሙልኸይር?» ብላ ዘይና በኦሮምኛ ሰላም አለቻት።

«ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ። ይግቡ እትየ። ሊያስሩኝ ከሆነ ግን ዒዳዬ እስኪያልቅ ይጠብቁኝ።»

«ያንን የመሬት ሽቦ የበየድሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፤ አልክድም። ግን እጄ የበየደው አይላቀቅም።»

«ሁሉም ሠራተኛ እንዲያ ይላል።»

«ይበል። እኔ ሁለቱን በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ ጣቴን ሳላስነካ ነው የምደራርባቸው። ከዚያ ወዲያ በፒንሳ ቢጎትቱት አሉሚኒየሙ ይቀደዳል እንጂ መጋጠሚያው አይለቅም። መዳቡ ላይ የአሉሚኒየሙ ሥጋ ተጣብቆ ይቀራል።»

ዘይና ሁለቱን ንጹሕ ፊቶች አስታወሰች። «ወንድሞችሽ ጉማውን ከፍለን እንገላገል እያሉ ነው።»

«ከብቱ ይነዳ፤ ለከብቱ አላዝንም። ግን ከብቱ ሲነዳ እጄም አብሮ ይነዳል። ይኸ እጅ የሠራውን መብራት ከዚያ ወዲያ ማን ቤቱ ያስገባል? አያ ሸረፈዲን ሴት ማሽን አጠገብ አትቆምም ሲሉት፣ አንገቴ ዋስ ነው ብሎ ነው ያቆመኝ። እሱን ገደልኩት ብዬ ልታረቅ? ወላሂ አልልም። ለአበጋሩም ይንገሩልኝ፤ አልልም።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እንባዋ ግን ወርዶ አገጯ ላይ ደረሰ፤ አልጠረገችውም።

ግድግዳው ላይ በእጇ የሠራችው መብራት ተሰቅሏል። ዘይና አስፈቅዳ ጀርባውን ከፈተችውና መነጽሯን ደቀነችበት። እዚህም የንቢቱ ጥርሶች አሉ። ከረድፉ ጥግ ላይ ግን አንዱ ነጥብ የለም።

«ይቺ ጥርስ የት ሄደች?»

ዑሙልኸይር አፈረች። «ብሎን ሥሯ ረስቼ ሰብሬባት ነው። አያ ሸረፈዲን ሳቀብኝ እንጂ አልተቆጣኝም። ከዚያ ወዲህ የበየድኩት ሁሉ ጥርሱ ጎዶሎ ነው። የመሬት ሽቦውም እንዲሁ።»

ዘይና መብራቱን ቀስ አድርጋ ሰቀለችው። ሳጥኑ ሥር የተላቀቀው ብየዳ ጥርሱ ሙሉ ነበር። ይህን ለዑሙልኸይር አልነገረቻትም፤ ተስፋ ሰጥቶ መንሣት አትወድም።

ከዚያ በቀጥታ ወርክሾፑ ሄደች። ዑሙልኸይር ቤቷ ከገባች ወዲህ ማሽኑ ላይ የሚቀመጠው ሙስዐብ ብቻውን ነበር። ሸረፈዲንን በጠዋት ሞቶ ያገኘውም እሱ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላየም።

«የንቢቱን ጥርስ አሳየኝ።»

ጫፏን ፈትቶ አሳያት። አራት ፊት አላት፤ አንዱ ሲበላሽ ወደ ሌላው ትዞራለች። «በእሷ ቦታ የተቀመጥኩ ዕለት አያ ሸረፈዲን ራሱ ወደ አዲሱ ፊት አዞራት። 'አንተ ደግሞ የራስህን ስበር' አለኝ።» ሙስዐብ ሊስቅ ሞክሮ አልቻለም።

«እስቲ መዳብና አሉሚኒየም በይድልኝ።»

አሽቶ ደራረባቸው። መዳቡን ከታች፣ አሉሚኒየሙን ከላይ አደረገ። ንቢቱ ጢዝ አለችና ዝም አለች። ዘይና አንሥታ ብትጎትተው፣ ብትጎትተው፣ ጣቷ ቀላ እንጂ ብየዳው ንቅንቅ አላለም።

«መዳቡን ከላይ ብታደርገውስ?»

«አይሆንማ። ጥርሷ መናከስ ያለባት ለስላሳውን ነው። በእኛ ማሽን መዳቡ ከላይ ከሆነ የያዘ ይመስላል፣ በጣት ይለቃል። መዳብ ከመዳብ ቢሆን ላይና ታች የለውም፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። የማይመሳሰሉትን ግን ቦታቸውን ካላወቁላቸው አይስማሙም። አያ ሸረፈዲን መጀመሪያ ያስተማረን ይኸንኑ ነው፣ እኔንም ዑሙልኸይርንም።»

«የወርክሾፑ ቁልፍ ማን ማን ዘንድ አለ?»

«እሱ ዘንድ፣ አያ ሙሀዲን ዘንድ፣ እኔ ዘንድ።» ድንገት ፊቱ ተለወጠ። «እትየ፣ ይኸን ስል ራሴን እያሰርኩ ነው መሰለኝ።»

«ሲያስፈልግ እኔ አስርሃለሁ፤ አንተ አትድከም። ቆርጣችሁ የምታወጡትን መዳብ የት ትጥሉታላችሁ?»

«መዳብ ይጣላል እንዴ? በዚያ ጣሳ እናጠራቅማለን። ሰንበቴ ገበያ ስወርድ ለቁርጥራጭ ገዢው ለአብዶ አስረክባለሁ።»

ጣሳው ባዶ ነበር። ሙስዐብ ራሱ ጎንበስ ብሎ አየውና ተገረመ። ከቀብሩ ወዲህ ሰንበቴ አልወረደም።

የሟች ሚስት ዓይሻም አሁን ዒዳ ገብታለች። በአንዲት ከተማ ሁለት ሴቶች ከደጃፋቸው ሳይወጡ፣ አንዷ ሌላዋን ገዳይ እንድትል ይጠበቅባታል። ከዓይሻ አፍ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልወጣም።

«ባለቤትሽ ከመሞቱ በፊት የሚያስጨንቀው ነገር ነበር?» አለቻት ዘይና።

«ነበር እንጂ። ምግብ አልበላም ብሎኝ ሰነበተ። በኋላ ሲነግረኝ፣ 'ያረጀ ባትሪ አዲስ ልብስ አልብሰን ሸጠናል። ሰንበቴ ገበያ መሀል ቆሜ መብራቱን መልሱልኝ እላለሁ፤ ማን እንዳደረገውም በአፌ እናገራለሁ' አለኝ። ማን ነው ብለው እንቢ አለ። ገበያው ሳይደርስ ሰው ማማት ይሆንብኛል አለ።»

«ባትሪ የሚገዛው ማን ነበር?»

«ግዢው የሙሀዲን ነው። የሚገጥመው ሙስዐብ ነው።» ዓይሻ ሻርፕዋን ወደ ፊቷ ሳበችው። «እትየ፣ የባሌ ደም በውሸት ጉማ እንዳይደርቅብኝ። ለሙሐመድም ብነግረው አልሰማ አለኝ።»

በገበያው ቀን ዘይና በሚኒባስ ሰንበቴ ወረደች። ግመልና ፍየል፣ አቧራና ጩኸት ነው። ከአፋር ቆላ የመጣው ሙሳ የሚባል ከብት አርቢ ሁለት መብራት ይዞ ሸረፈዲንን ሲፈልግ አገኘችው። መሞቱን ስትነግረው መብራቱን መሬት አስቀመጠ።

«ለዚህ ገበያ አምጣው፣ በሰው ፊት እክስሃለሁ ብሎኝ ነበር፤» አለ። «ይቺ የፊተኛዋ ናት፤ እስካሁን ታበራለች። ይቺ ደግሞ ለልጄ ሠርግ የገዛኋት ናት፤ ሦስት ሌሊት አብርታ ሞተች።»

ዘይና ሁለቱንም ከፈተች። የፊተኛዋ ጥርሷ ጎዶሎ ነው። የሠርጉ መብራት ጥርሷ ሙሉ ነው፤ የባትሪው አዲስ ልባስ ሲገለጥ ደግሞ ውስጡ ዝጓል።

አብዶ ከሚዛኑ ኋላ ተቀምጦ ነበር። ነገሩን ስትጠይቀው ሳቀ። «የሸረፈዲን ቤት መዳብ? ያለፈው ገበያ መጣልኝ። አጃኢብ ነው፣ ሁልጊዜ ሙስዐብ ነበር የሚያመጣው፤ ያኔ ሙሀዲን ሽቶውን ተቀብቶ በራሱ እጅ አመጣው። ሳትመዝነው ቶሎ አቅልጠው አለኝ። እኔ ደግሞ መዳብ ከሌላ ጋር አልቀላቅልም። አንዷ ቁራጭ አሉሚኒየም ተጣብቆባታል፤ ላላቅቃት ብል በፒንሳ ታገልኩ፣ በመዶሻ ታገልኩ። እንቢ አለችኝ። ይቺውና።»

ከመደቡ ሥር አውጥቶ ወረወረላት። በሁለቱም በኩል በመጋዝ የተቆረጠ፣ መዳብና አሉሚኒየም የተጣበቁበት ቁራጭ ነው። ጥርሱ የታተመው አሉሚኒየሙ ላይ ነበር። ጥጉ ላይ አንድ ነጥብ ጎድሏል።

ዘይና ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «አብዶ፣ የእርቁ ዕለት ከሚሴ ትመጣለህ። ሚኒባሱን እኔ እከፍላለሁ።»

እርቁ የተደረገው ዑሙልኸይር ግቢ ነው፤ እሷ መውጣት ስለማትችል ሽማግሌዎቹ ወደ እሷ መጡ። አበጋሩ ሼህ ሙሀመድኑር ዛፉ ሥር ተቀመጡ። በአንድ በኩል የሟች ወንድም ሙሐመድና ዘመዶቹ፣ በሌላ በኩል የዑሙልኸይር ወንድሞች። ሙሀዲንና ሙስዐብ ጎን ለጎን ናቸው። አዛዡም መጥቷል፤ ፊቱ እንደ ተቆጣ ነው። ዑሙልኸይር ደጃፏ ላይ ቆማለች።

ዱዓ ከተደረገ በኋላ ሼህ ሙሀመድኑር ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ ሳላስበው በእጄ ጠፋ በይና ይለቅ። ሰው ይሳሳታል።»

«አባቴ፣ ብሳሳት ኖሮ እዚሁ እግርዎ ላይ እወድቅ ነበር። አልተሳሳትኩም። ሰላም ለማውረድ ብዬ በሸረፈዲን ላይ አልዋሽም።»

ሙሐመድ ብድግ አለ። ወንድሞቿም ብድግ አሉ።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ፤» አለች ዘይና በመካከል ገብታ። «አባቴ ይፍቀዱልኝና ሥሩን ላሳይ። ከዚያ ጉማውን ከማን እንደምትቀበሉ እናንተ ትፈርዳላችሁ።»

አበጋሩ በበትራቸው መሬቱን ነካ አደረጉ። ሁሉም ተቀመጠ።

ዘይና ከሳጥኑ ሥር የተገኘውን የተላቀቀ ብየዳ አነሣች። «ይህ ነው አልያዘም የተባለው። የንቢቱ ጥርስ ታትሞበታል፤ ረድፉ ሙሉ ነው። ዑሙልኸይር ከቤቷ ከመግባቷ በፊት ግን የንቢቱ አንድ ጥርስ ተሰብሮ ነበር። ይኸው በእጇ የሠራችው መብራት፣ ይኸው የሙሳ የፊተኛው መብራት። ሁለቱም ጎዶሎ ናቸው። ጥርሱ ሙሉ የሆነው ሸረፈዲን ጫፏን ካዞራት በኋላ፣ ሙስዐብ በእሷ ቦታ በተቀመጠ ዕለት ነው። ስለዚህ ይህ ብየዳ የተበየደው ዑሙልኸይር ዒዳ ላይ ሳለች ነው። ዒዳ ላይ ያለች ሴት ወርክሾፕ ድረስ ሄዳ በይዳ ብትመለስ፣ ከሚሴ ሳያወራ ያድራል?»

አንዲት አሮጊት ከጓሮ «በምን ዕድላችን!» አለች። ሰው ሳቀ።

«እንግዲያ ሙስዐብ ነዋ፤» አለ ሙሀዲን ቀስ ብሎ። «ማሽኑ ላይ የነበረው እሱ ነው።»

ሙስዐብ አመድ መሰለ።

«እኔም መጀመሪያ እንዲያ ብዬ ነበር፤» አለች ዘይና። «ግን ጥርሱ የታተመው መዳቡ ላይ ነው። ሙስዐብ አሉሚኒየሙን ከላይ እንደሚያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በሥራው ላይ ያለ ሰው እጁ በልማድ ነው የሚሄደው። ደግሞስ ሰውዬው ምን ፈልጎ ነበር? የዑሙልኸይር የሚመስል ክፉ ብየዳ። ሙስዐብ ቢሆን የእሷን አሠራር ያውቃል፤ አሉሚኒየሙን ከላይ አድርጎ ሳያሽ ይበይደው ነበር። ይህን የሠራው ላይና ታች መኖሩን ያልሰማ ሰው ነው። የሚያውቀው መዳብን ከመዳብ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ላይና ታች የለም።»

ዓይን ሁሉ ወደ ሙሀዲን ዞረ። የምርቃቱን ቀን ሁሉም ያስታውሰዋል፤ እሱ ራሱ ሲያወራው ከርሟል።

«አመሻሹ ላይ ሁሉም ሲሄድ ገባህ፤» አለችው። «የእሷን ብየዳ በመጋዝ ቆርጠህ አወጣህ፤ ደካማ ብየዳ በይደህ ጎትተህ አላቀቅከውና በቦታው አንጠለጠልከው። የሽቦውን ልባስ ፍቀህ ሳጥኑን አስነካኸው። ሸረፈዲን ሱብሒ ሳይደርስ ውዱእ አድርጎ፣ በእርጥብ እጁ መብራት እንደሚያበራ ሸሪኩ አንተ ታውቃለህ። የዛገ ባትሪ እየገዛህ አዲስ ልባስ አልብሰህ ሸጠሃል፤ ሰንበቴ ገበያ መሀል ስምህን ሊጠራው ነበር።»

«ወሬ ነው! የቆረጥኩት የታለ?»

«መዳብ አይጣልማ። አመል ያወጣል ከመሀል። አብዶ፣ ና።»

አብዶ ቁራጩን በእጁ ይዞ ተነሣ፤ ማን እንዳመጣለትም ለማንም ሳያዳላ ተናገረ። ሙሀዲን ቁራጩን አየው። «በገበያ ፊት ሊያዋርደኝ ነበር፤» አለ። አዛዡ ራሱ ሄዶ ክንዱን ያዘው።

ሙሐመድ ከቦታው ተነሥቶ ቁራጩን ከአብዶ ተቀበለ፤ የሙስዐብን ፒንሳም ለመነ። «በአንድ ወገን ያዝልኝ፤» አለው። ትልልቅ እጆች አሉት፤ ፊቱ እስኪቀላ ጎተተ። አሉሚኒየሙ ተወጠረ፣ ጮኸ፣ ተቀደደ። መጋጠሚያው ግን መዳቡ ላይ ተነክሶ ቀረ። ሙሐመድ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ይኸ በቦታው ቢሆንለት ኖሮ ወንድሜ አይሞትም ነበር፤» አለ። ከዚያ ወደ ደጃፉ ሄዶ፣ ከዑሙልኸይር ራቅ ብሎ ቆመ። «እህቴ፣ ከዚህ እጅ ጉማ ልንቀበል ነበር የመጣነው። አውፍ በይኝ።»

ሼህ ሙሀመድኑር አንገታቸውን ደፍተው ነበር። «እኔንም አውፍ በይኝ። ለሰላም ብዬ ውሸት ልሸምትብሽ ነበር።»

«አውፍ ብያለሁ፤» አለች ዑሙልኸይር። «ለእናንተም፣ ለወንድሞቼም። ግን እትየ ዘይና፣ ፍርድ ቤቱ ሲጨርስ ያቺን ቁራጭ ለእኔ ይስጡኝ።»

«ምን ታደርጊባታለሽ?»

«ዒዳዬ ሲያልቅ ወርክሾፑ እገባለሁ። የመሬት ሽቦውን መልሼ እበይዳለሁ። ቁራጯን ደግሞ ከበሩ በላይ እሰቅላታለሁ፤ ሴት ማሽን አጠገብ አትቆምም የሚል ሲመጣ ፒንሳ እንዲሰጠው ለሙስዐብ ነግሬዋለሁ።»

ሙስዐብ እንዲህ ያለ ነገር ገና አልሰማም ነበር። ቢሆንም ራሱን ነቀነቀ።